«ውሃ ዳር አትድረስ» ካልን በኋላ



የትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት «ለዓመቱ መዝጊያ አንድ ነገር ተናገርልን፤ ርእሱን አንተው ምረጥ» ብሎ ሲጠራኝ ብዙ አላሰብኩም። ስለ ፈተና ውጤት ወይም ስለ ሞባይል ስልክ እንደምናገር የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የመጣሁት ስለ ውሃ ልናገር ነው። ዛሬ ልጆቻችን ካርዳቸውን ተቀብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከዛሬ ጀምሮ ደወል የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ስም የሚጠራ የለም። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ይከብዳል፣ ዓባይ ይደፈርሳል፣ በየሰፈሩ የተቆፈረው ሁሉ ውሃ ይቋጥራል። እኛ ልጆቻችንን የምንለቃቸው ውሃው በሚሞላበት ወር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ሳስተምር፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ስም ስጠራ አንድ ወንበር ባዶ ይሆን ይሆን እያልኩ ነው የምጀምረው።

ንግግሬ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ውሃ ልጅን እንዴት እንደሚወስድ፣ ዋና የመማር ዕድል ለማን ደርሶ ለማን እንደማይደርስ፣ በእጃችን ባለው ነገር ምን ማድረግ እንደምንችል። ከዚያ በፊት ግን ለማንም በአደባባይ ነግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስድስት ሆነን ወደ ዓባይ ወረድን። በሁላችንም ቤት ሕጉ አንድ ነበር፦ ውሃ ዳር አትድረስ። እናቴ ማታ ማታ ክንዴን ትይዝና በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ ውሃ ገብቼ ነበር ማለት ነው፤ አለንጋው ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፈገግ የምትሉ ወላጆች አያለሁ፤ ክንዳችሁ ሳይጫር ያደጋችሁ ጥቂት ናችሁ። እኛም ዘዴ ነበረን። ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ቫዝሊን በኪሱ ይይዝ ነበር።

የዚያን ቀን ከሁላችን ዝምተኛው ልጅ ወገቡ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዘወር ብለን ስንመለስ የለም። ጩኸት አልሰማንም። ጠልቆ ሊያስደነግጠን ነው ብለን ጠበቅን። አልወጣም። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ነው ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት። ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ። አልጠራናቸውም። ከጠራናቸው ውሃ መግባታችን ይታወቃል፤ ከታወቀ እንገረፋለን። ልብሳችንን ለበስን፣ ቫዝሊኑን ተቀባን፣ ወደየቤታችን ተበተንን። የእሱ ጫማ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

ማታ እናቴ ክንዴን ጫረችው። መስመር አልወጣም። «የእኔ ጨዋ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ልጁ በማግስቱ ነው የተገኘው።

እናቴ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ዋና አታውቅም፤ ሊያስተምረኝ የሚችል ሰውም አታውቅም። የነበራት ጥፍሯና አለንጋዋ ብቻ ነው፤ በዚያ ጠበቀችኝ። ነገር ግን «አትድረስ» እየተባለ ያደገ ልጅ ውሃው ዘንድ መድረሱ አልቀረም። የቀረበት ዋናውና ሰው መጥራቱ ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ይዛችሁ ውጡ፦ ክልከላ ብቻውን ልጅን ከውሃ አያድንም፤ የሚያድነው መማርና የአዋቂ ዓይን ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ለሁሉም ልጅ እኩል አልደረሱም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ውሃ ልጅን እንዴት ይወስዳል?

በዝምታ ነው የሚወስደው። ፊልም ላይ እንደምናየው የሚሰጥም ልጅ እጁን እያወዛወዘ «አድኑኝ» አይልም። አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ያችን ቅጽበት አየር ለመሳብ ይፈልጋታል፣ ለጩኸት አትተርፈውም። ሁለት እጁ የማይታይ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይዘነበላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኛ አምስታችን አምስት ሜትር ርቀት ላይ ሆነን ያልሰማነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሃ ዳር ያለ ልጅ ዝም ካለ ሮጣችሁ እዩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከሟቾቹ ሩብ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ከሚገድሉ ምክንያቶች መስጠም ሦስተኛው ነው። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አንድ ቁጥር ደግሞ በተለይ ልብ በሉልኝ። ከ2000 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በአውሮፓ የመስጠም ሞት መጠን በ68 በመቶ ቀንሷል። በአፍሪካ የቀነሰው በ3 በመቶ ብቻ ነው። የአውሮፓ ወንዝ ከእኛ ወንዝ የዋህ ስለሆነ አይደለም። አጥረው፣ ጠብቀው፣ አስተምረው ነው።

በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በገባ ቁጥር «የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ክደኑ፣ አጥሩ» እያለ ይለምናል። ጠላቂ ዋናተኞቹ ለግንባታ ከተቆፈረ ጉድጓድና ድንጋይ ከወጣበት ካባ ውስጥ የልጆችን አስከሬን ያወጣሉ። እዚህ ባሕር ዳር ስለ ውሃ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ጣና ነው የምናየው። ጣናን ግን ልጆቻችን ያውቁታል፤ ጉማሬው የት እንደሚወጣ ሳይቀር ይነግሯችኋል። እኔን የሚያስፈራኝ ትናንት ያልነበረው ውሃ ነው። አንድ ሰው ቤት ሊሠራ መሠረት ያስቆፍራል፤ ሲሚንቶ ይወደድበትና ይተወዋል። ሁለት ሳምንት ዝናብ ይዘንባል። ውሃው ቡናማ ስለሆነ የጉልበት ይሁን የሁለት ሰው ቁመት አይታወቅም። ዳር ዳሩ ጭቃ ስለሆነ የገባ ልጅ ሊወጣ ቢሞክር ያንሸራትተዋል። ኳስ ትገባለች። ኳሷን ተከትሎ ልጅ ይገባል።

ትንንሾቹ ደግሞ ቤት ውስጥም ይሞታሉ። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ከገባ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። በርሜላችሁን ክደኑ። የታጠበበትን ሳፋ ወዲያውኑ ድፉት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ዋና የሚማረው ማን ነው?

በዚህች ከተማ የመዋኛ ገንዳ አለ። ሐይቁን ተከትለው ከተሠሩት ሆቴሎች አንዳንዶቹ ንጹሕ፣ ሰማያዊ፣ ጥልቀቱ የተጻፈበት ገንዳ አላቸው። የመግቢያውን የሚከፍል ወላጅ ልጁን ይዞ ይገባል፤ አሠልጣኝም ይቀጥራል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ያ ልጅ ይተርፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ የአንዷ እናት ከእነዚህ ሆቴሎች በአንዱ ፎጣ ታጥብ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷን ለመጠበቅ በጓሮ በር ትገባለች፣ የተሰጡት ፎጣዎች ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «ገንዳው ምን ያህል ይጠልቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሄጄ አላየሁትም፤ ለእንግዳ ነው» አለችኝ። የእያንዳንዱን ፎጣ ቀለም ግን ታውቃለች።

የእኔንም ጥፋት ልናገር። ለዓመታት ስለ ዋና ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ። የክንዱን እንቅስቃሴ በአየር ላይ አሳይቻለሁ፣ ልጆቹ ከዴስካቸው ተነሥተው በአየር ላይ ቀዝፈዋል፣ ፈተና ፈትኜ ከመቶ ዘጠና አምስት የሰጠኋቸው አሉ። አንዳቸውንም ውሃ ውስጥ አላስገባሁም። ያን ወረቀት ይዞ ዓባይ ውስጥ የወደቀ ልጅ ምን ይሆናል?

ጣና ላይ ደግሞ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ጎብኚ በሞተር ጀልባ ሲሳፈር ተንሳፋፊ ጃኬት ይሰጠዋል። እንጨቱን ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚሻገረው ገበያተኛ ጃኬት የለውም። ሴቶች ልጆቻችንን ደግሞ አስቧቸው። ወንዶቹ ቢያንስ ተደብቀው ይለማመዳሉ። ሴቷ ውሃ ዳር የምትወርደው ጀሪካን ይዛ ነው፤ ልብስ ይዛ ነው። በየቀኑ ውሃ ዳር ናት፤ እንድትዋኝ ግን ማንም አይጠብቃትም፤ ብትሞክርም ነውር ይባላል። እግሯ ቢያንሸራትታት ግን ውሃው ሴት ናት ብሎ አይምራትም።

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከውሃ ጋር አንግባባም፤ ባህላችን አይደለም» የሚለኝ ሰው አለ። ጎንደር ድረስ ሄዶ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ይህን እንዴት ይላል? አፄ ፋሲል አሠሩት የሚባለውን መዋኛ እኛው ነን «መዋኛ» ብለን የጠራነው። የቀሃ ውሃ በየዓመቱ ይገባበታል፤ ቄሶቹ ውሃውን ሲባርኩ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ። ባህሉ አለን። ያጣነው አስተማሪ ነው።

ይህ «አንግባባም» የሚል ነገር ሌላ አገር ምን እንዳመጣ ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው አይንሳፈፉም ሲባል ኖሯል። እውነቱ ሌላ ነው። በዘር መለያየት ዘመን ብዙ ከተሞች ጥቁሮችን ከሕዝብ መዋኛ ከልክለው ነበር። ጃክሰን የምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚዋኙ ይቅር ብላ የሕዝብ መዋኛዎቿን ዘጋች። በ1971 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ተፈረደላት። መዋኛ የተነፈገ አያት ልጁን አላስተማረም፤ ልጁም የራሱን ልጅ አላስተማረም። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 እንዳሳወቀው፣ ከጠቅላላው አዋቂ ዋና የማይችለው ከመቶ 15 ያህል ሲሆን ከጥቁር አዋቂዎች ግን ከሲሶው በላይ አይችልም።

እዚያው አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ሽሪቭፖርት በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ቤተሰቦች ለሽርሽር ቀይ ወንዝ ዳር ወረዱ። አንድ ልጅ በጉልበት ውሃ ሲሄድ ድንገት ጥልቁ ላይ ወደቀ። ሊያወጡት እህትና ወንድሞች፣ የአጎት ልጆች፣ ጓደኞች አንድ በአንድ ገቡ። ስድስት ወጣቶች ሞቱ። መጀመሪያ የወደቀውን መንገደኛ አተረፈው። ወላጆቹ ዳር ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ከእነሱም ዋና የሚችል አልነበረም። ስለ ሩቅ አገር የምነግራችሁ ለዚህ ነው፤ እኛም አገር ውሃ ወንድማማቾችን አያይዞ ነው የሚወስደው። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ የከተማው ነዋሪ በመሆናቸው ያለ ክፍያ የሚገቡበት የሕዝብ መዋኛ አላቸው። ፍርሃቱን ግን ከዚህ ይዘውት ሄደዋል። ስትደውሉላቸው «ልጆቹን ዋና አስመዘገባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ምን እናድርግ?

አስቀድሜ አንድ አባባል ልመልስ። «ውሃ የሚወስደው ዋናተኛውን ነው» ይባላል። ስለ ድፍረት ከሆነ እውነትነት አለው። የሞላን ወንዝ የሚያሸንፍ ዋናተኛ የለም፤ ደራሽ ውሃ ክንድ አይመርጥም። ስለዚህ ዋና የምናስተምር ሰዎች መቼ አለመግባት እንደሚገባ አብረን ማስተማር አለብን። አባባሉን ላለማስተማር ምክንያት ማድረግ ግን ሹፌር ይጋጫልና መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም እንደ ማለት ነው።

ደግሞም ተሞክሮ ታይቷል፤ ሀብታም አገር ውስጥ አይደለም። ባንግላዴሽ ኩሬ የሞላባት አገር ናት፤ ልጆቿን በብዛት የሚገድለው ከቤት ጥቂት እርምጃ ላይ ያለ ኩሬ ነበር። ገንዳ አልሠሩም። በመንደሩ ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መድረክ ተከሉ፤ ልጁ ቆሞ የሚለማመድበት ወለልና የሚይዘው አጥር ያለው። ከመንደሩ ወጣቶች መርጠው አሠለጠኑ። ልጁ 25 ሜትር እንዲዋኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይሰጥም እንዲቆይ፣ ጓደኛው ሲወድቅ ራሱ ሳይገባ እንዴት እንደሚያወጣው አስተማሩት። ተከታትለው ሲያጠኑት፣ ከ4 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል የተማሩት የመስጠም አደጋ ካልተማሩት ይልቅ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ለሕፃናቱ ደግሞ እናቶች ሥራ በሚበዛባቸው በጠዋቱ ሰዓት አንዲት ሞግዚት የምትጠብቃቸው የመንደር ማቆያ ከፈቱ። ልጅን እንዲህ የሚያድን ክትባት ቢመጣ ተሰልፈን እንወስደው ነበር።

እኛ ጣና ውስጥ አናስተምርም። ብልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬ አለበት። ነገር ግን የሆቴሎቹ ገንዳዎች በሥራ ቀን ጠዋት ባዶ ናቸው፤ አልፌ ሄጄ አይቻለሁ፣ ውሃው ላይ ቅጠል ብቻ ይንሳፈፋል። ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ የሆቴል ባለቤቶች አላችሁ። የምለምናችሁ በሳምንት ሁለት ጠዋት ነው። ለሴቶች ልጆች የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው፤ የምታስተምራቸውም ሴት ትሁን፤ ልብሳቸው ወላጆቻቸው የተስማሙበት ይሁን። ፈቃደኛ የሆነች አንዲት ባልደረባ አለችኝ፤ ከእሷ ጋር እኔ ደመወዝ ሳልጠይቅ አስተምራለሁ። የፎጣ አጣቢዋም፣ የጥበቃውም ልጅ በመጀመሪያው ዙር ይግቡ።

ገንዳ እስኪገኝ ግን አንጠብቅም። ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው፣ ስሙኝ። ጓደኛችሁ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አትግቡ። መጀመሪያ ጩኹ። ከዚያ ወርውሩለት። ይህን ቢጫ ጀሪካን አያችሁት? ሃያ ሊትር ነው፤ በየቤታችሁ አለ። ባዶውን፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት አዋቂ ሰው እንኳ ደረቱ ላይ አቅፎ ይንሳፈፍበታል። ጆሮው ላይ ገመድ እሰሩና ወርውሩት፤ ሲይዘው ዳር ላይ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሳቡት። ጀሪካን ከሌለ ረጅም እንጨት፣ ጋቢ፣ ነጠላ። ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ እጃችሁን ከሰጣችሁት እናንተንም ይዞ ይገባል።

አዋቂዎች ደግሞ፣ የወጣውን ልጅ ቁልቁል ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፤ ሆዱንም አትጫኑ። የሚገድለው የአየር እጦት ነውና የማይተነፍስ ከሆነ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱን ተጫኑ፣ እያደረጋችሁ ወደ ሐኪም። ይህን በአሻንጉሊት ላይ የሚያሳዩን የጤና ባለሙያ ከእኔ በኋላ ይቀጥላሉ፤ እባካችሁ ሳታዩ አትውጡ።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ውሃ ዳር አትሂዱ። ሄዳችሁ ጓደኛችሁ ቢሰጥም ግን ጩኹ፤ ለጮኸ ልጅ ዱላ የለም።» ይህን ከአፋችሁ ይስሙት። እኛ አምስታችን ይህን የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ድምፃችን ልብስ አጣቢዎቹ ዘንድ ይደርስ ነበር።

የመጨረሻው ነገር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ልጆቹ አቋርጠው በሚሄዱበት መንገድ ላይ፣ ለሕንፃ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ አለ። ትናንት በእንጨት ለካሁት፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ግማሹ ድረስ ውሃ ሞልቷል። ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ፤ እንድናጥረው ፈቅዷል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ሚስማር ያለው ሚስማር ይዞ ይምጣ። እኔ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነኝ።